ሲናፕስ በናኖሜትር ሲታይ፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የተጠየቁኝ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አንጎል ባወራሁ ቁጥር ጥያቄ ይከተለኛል። ክፍል ውስጥ ተማሪ ይጠይቀኛል፤ ቡና ላይ ጎረቤት ይጠይቀኛል። አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ስለ እናቱ መርሳት እየጠየቀኝ ሄድን። ሒሳብ ልከፍለው ስል እንኳ ጥያቄው አላለቀም ነበር። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን ያህል እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲናፕስ ምንድን ነው?

አንድ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት ቦታ ነው። ስሙ የወጣው በ1897 ነው፤ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቻርለስ ሼሪንግተን ነው። አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች አሉ። አንዳንዱ ሴል ብቻውን በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ሴሎች ጋር ይገናኛል።

ሁለቱ ሴሎች ግን አይነካኩም። በመሃላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። ላኪው ሴል ኬሚካል ይለቃል፤ ከማዶ ያለው ሴል ደግሞ ቆዳው ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ይቀበለዋል። እነዚህን ፕሮቲኖች ከዚህ በኋላ «ተቀባይ» እላቸዋለሁ። አንጎል ውስጥ ሴሎችን የሚያነቃቃው ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ይባላል። የሚያረጋጋው ደግሞ ጋባ ይባላል።

ናኖሜትር ስንት ነው?

አንድ ሚሊሜትርን ሚሊዮን ቦታ ቁረጡት። አንዷ ቁራጭ ናኖሜትር ናት። የራስ ጸጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ሁለቱን ሴሎች የሚለየው ክፍተት ግን 20 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ጸጉር ውፍረት ውስጥ አራት ሺህ እንዲህ ያሉ ክፍተቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ ማለት ነው።

ኬሚካሉ ከተለቀቀ፣ ተቀባይም ካለ፣ የት ቦታ እንዳለ ምን ለውጥ ያመጣል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የሄደ ሰው መልሱን በዓይኑ ያያል። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ጎንበስ ብለው ቆሮሶውን ይገፍፋሉ፤ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ወደ ጎን ይወረውራሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ታዲያ በየሜዳው ተበትነው አይጠብቁም። ልክ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ይቆማሉ። አሥር እርምጃ ርቆ የቆመው አባ ኮዳ ምንቃሩን ቢከፍትም ምንም አይደርሰውም። ወፉ አለ፣ ምግቡም አለ። ቦታው ግን አልገጠመም።

ሲናፕስም እንዲሁ ነው። ግሉታሜት 40 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባላት ከረጢት ውስጥ ታጭቆ ይጠብቃል። ከረጢቷ ስትከፈት በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በአንዴ ይፈስሳሉ። ከዚያ በሺህኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታትነው ይሳሳሉ። አምፓ የሚባሉት ተቀባዮች ደግሞ ግሉታሜትን አጥብቀው የሚይዙ አይደሉም፤ በብዛት ካልደረሳቸው አይከፈቱም። ስለዚህ ከመክፈቻው ቦታ መቶ ናኖሜትር ፈቀቅ ያለ ተቀባይ ብዙ ጊዜ መልእክቱ ያልፈዋል።

በ2013 በፈረንሳይ ቦርዶ እና በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች አንድ ነገር አሳዩ። አምፓ ተቀባዮች በሲናፕሱ ላይ እኩል ተነስንሰው አይኖሩም። 80 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ትንንሽ መንጋዎች ይሰበሰባሉ። በአንዱ መንጋ ውስጥ ሃያ ገደማ ተቀባይ ይገኛል። በ2016 ደግሞ ቶማስ ብላንፒድ የሚመራው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቀጣዩን አመጣ። ላኪው ሴል ከረጢት የሚከፍትበት ቦታ እና ማዶ ያለው የተቀባዮች መንጋ ፊት ለፊት የተገጣጠሙ ናቸው። ይህን አሰላለፍ «ናኖ አምድ» ብለው ጠሩት።

አሰላለፉን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ። ፒኤስዲ-95 የሚባለው ከተቀባዮቹ ሥር ሆኖ እንደ ካስማ ይይዛቸዋል። ከላኪው ወገን ኒውሬክሲን፣ ከተቀባዩ ወገን ኒውሮሊጂን ክፍተቱን ተሻግረው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። እነዚህን ስሞች ያዙልኝ፤ በሽታ ላይ ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር እንዴት ታየ?

ለረጅም ጊዜ አልታየም። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 የብርሃን ማይክሮስኮፕ ወሰን እንዳለው አስልቶ አሳየ። በ200 ናኖሜትር ገደማ ውስጥ የተጠጋጉ ሁለት ነጥቦች አንድ ሆነው ይደበዝዛሉ። ሌንሱን የቱንም ያህል ብታሻሽሉት ለውጥ የለም፤ የብርሃኑ የራሱ ጠባይ ነው።

በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጥቶ ክፍተቱንና ከረጢቶቹን አሳየ። የትኛው ፕሮቲን የት እንዳለ ለመለየት ግን ያስቸግራል። የአቤን ወሰን በዘዴ ያለፉት ኤሪክ ቤትዚግ፣ ስቴፋን ሄል እና ዊሊያም መርነር ናቸው። በ2014 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። አንደኛው ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ፕሮቲኖቹ ላይ የሚያበራ ቀለም ይለጠፋል። ሁሉም በአንዴ እንዲበሩ ግን አይደረግም። ጥቂት ጥቂት እያሉ ብልጭ ሲሉ የእያንዳንዱ መሃል ይመዘገባል። በሺዎች ከሚቆጠሩ ምስሎች በኋላ ነጥቦቹ ሲደራረቡ ካርታ ይወጣል።

ሌላም መንገድ አለ። በ2015 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኤድ ቦይደን ቡድን ማይክሮስኮፑን ትቶ ናሙናውን አሳደገው። እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ተቀባዮቹ አንዴ ከተተከሉ እዚያው ይኖራሉ?

አይኖሩም። የሴሉ ቆዳ ዘይትነት ያለው ስስ ነገር ነው፤ ተቀባዮቹ ላዩ ላይ ይንሸራተታሉ። የቦርዶው ዳንኤል ሾኬ እና ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ተከታትለዋቸዋል። ገብተው ጥቂት ይያዛሉ፣ ይለቀቃሉ፣ ይወጣሉ፤ ሌላው ይተካል። አባ ኮዳዎቹም እንዲሁ ናቸው። መንጋው ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ ወፎቹ ግን ይቀያየራሉ።

ተማሪዎቼን በጣም የሚገርማቸው ይህ ነው። ትዝታ የሚቀመጠው እንዲህ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ከሆነ እንዴት ይቆያል? እኔም ይገርመኛል። እስካሁን የምናውቀው አሰላለፉ እንደሚቆይ፣ አባላቱ ግን እንደሚተኩ ነው።

ስንማር ምን ይለወጣል?

በ1973 ቲም ብሊስ እና ቴርየ ሎሞ በጥንቸል አንጎል ላይ አንድ ነገር አሳዩ። ደጋግሞ በኃይል የተነቃቃ ሲናፕስ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ይጠነክራል። የመማር መሠረት ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠናል። ሲናፕሱ ሲጠነክር ብዙ አምፓ ተቀባዮች ገብተው ይያዛሉ። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ሲናፕሱ ሲያድግ መንጋዎቹ እንደማይሰፉ አሳየ። የሚጨምረው ቁጥራቸው ነው። ቤት ሲሰፋ ክፍሉን መለጠጥ ሳይሆን ሌላ ክፍል እንደ መጨመር ነው።

ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ባጠና ይጎዳኛል?

አዎ፣ ተኛ። በ2017 በአሜሪካ ዊስኮንሲን የተሠራ ጥናት የአይጦችን አንጎል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለካ። ከተኙ በኋላ ሁለቱ ሴሎች የሚገናኙበት ገጽ ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ በአማካይ 18 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ትልልቆቹ ሲናፕሶች ግን አልቀነሱም። አጥኚዎቹ ሲተረጉሙት፣ ቀን ያበጠው በእንቅልፍ ይቀንሳል፣ ለነገ ቦታ ይለቀቃል ይላሉ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን አልረሳሁም። ተማሪዎቼን ግን ከፈተና በፊት ተኙ የምላቸው ከልቤ ነው።

ቡናስ? ጫትስ?

ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን ኬሚካል ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛል። አዴኖሲን «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ነው፤ ካፌይን ሲይዝበት መልእክቱ አይደርስም። ድካሙ ግን አልጠፋም። የሲዳማ ቡና ወዳጅ ነኝ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን አልጠጣም።

የጫት ነገር ይከብዳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዶፓሚን የሚባለው መልእክት አቀባይ ኬሚካል ከላኪው ሴል እንዲፈስና በክፍተቱ ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ሳይኮሲስ የሚባለው፣ የሌለ ነገር የሚያሳይና የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጫት ቢርቅ ለራሱ ነው።

እናቴ እየረሳች ነው። እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

አክስቴ የወጥ ቤቱን በር እየረሳች ስትመጣ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። «እርጅና ነው» ብለው በሁለት ደቂቃ ሸኙን። ሁለት ዓመት ባከነብን። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጌ አልመልስም።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የማንም ነው። የቁልፍን ጥቅም መርሳት ግን ሌላ ነው። የለመዱት መንገድ ሲጠፋ፣ ያንኑ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ሲጠይቁ፣ ገንዘብ መቁጠር ሲያቅት ሐኪም ያስፈልጋል። ከመርሳት ጀርባ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ድብርት ሊኖር ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ።

አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከሆነ ጉዳቱ ሲናፕስን አጥብቆ ይይዛል። በ1991 ሮበርት ቴሪና ባልደረቦቹ የታማሚዎችን አንጎል መርምረው ነበር። ከአእምሮው መዳከም ጋር በጣም የተያያዘው አንጎል ውስጥ የተጠራቀመው የፕሮቲን ቆሻሻ መጠን አልነበረም፤ የሲናፕሶች መጥፋት ነበር። ቤታ አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን ገና ትንንሽ ስብስብ ሳለ ሲናፕስ ላይ እየተለጠፈ የተቀባዮቹን አሰላለፍ ያውካል። ሴሉ ከመሞቱ በፊት መገናኛው ይዳከማል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ አሚሎይድን የሚያጸዳው ሌካኔማብ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በጥናቱ 18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ 27 በመቶ ያህል አዝግሟል። አያድንም፤ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማትም ሊያመጣ ይችላል። እዚህ እኛ ጋ ዛሬውኑ የሚሠራው ሌላ ነው። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ስኳርን መከታተል፣ የመስማት ችግርን መታከም፣ መንቀሳቀስ፣ ከሰው አለመራቅ። በ2024 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ዘገባ ሊለወጡ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ቆጥሯል። ሁሉም ቢስተካከሉ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። የባጃጁ ሹፌር እናት ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር።

ጤነኛ የነበረች ልጅ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ብትሆንስ?

ይህን መልስ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በ2007 ጆሴፕ ዳልማው የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ የአንጎል ብግነት በሽታ ለይቶ አወጣ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወጣት ሴቶችንና ልጆችን ነው። በራስ ምታትና በትኩሳት ሊጀምር ይችላል። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጥርጣሬ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መጮህ ይመጣል። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ፣ የአፍና የእጅ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ፣ ዝም ብሎ መቅረት ይከተላል። ቤተሰብ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። መንፈስ ያዛት ይባላል፤ ድግምት ይባላል።

የሆነው ግን ይህ ነው። የሰውነት መከላከያ የሚሠራው አንቲቦዲ መንገድ ስቶ ኤንኤምዲኤ የሚባሉትን የግሉታሜት ተቀባዮች ይይዛል። ሁለት ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ሲናፕሱ ውስጥ አጥብቆ ከያዛቸው ጎረቤት ፕሮቲን ይነጥላቸዋል። ተቀባዮቹ ከሲናፕሱ ተገፍተው ይወጣሉ፤ በመጨረሻ ሴሉ ወደ ውስጥ ይውጣቸዋል።

ልብ በሉ፤ ሴሎቹ በአብዛኛው አልሞቱም። ተቀባዮቹ ናቸው ከቦታቸው የተፈናቀሉ። አንቲቦዲው ሲጸዳ ይመለሳሉ። በ2013 የወጣ፣ ከ500 በላይ ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአምስቱ አራቱ ገደማ በደህና ሁኔታ አገግመዋል። ሕክምናው ስቴሮይድን እና አንቲቦዲውን ከደም የሚቀንሱ ዘዴዎችን ይጨምራል። አንዳንዶቹ ሴቶች እንቁላል ማምረቻቸው ላይ እጢ ይገኝባቸዋል፤ እሱ መውጣት አለበት። ቶሎ የጀመረ ይሻለዋል።

ጠበል መሄድ የሚፈልግን ቤተሰብ አልከለክልም። ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን፤ አንዱ ሌላውን አያስቀር። የአእምሮ ሕመም በሚመስል ነገር ላይ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ከተጨመረ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ። «ይህ የአንጎል ብግነት ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኦቲዝም ከሲናፕስ ጋር ይገናኛል? ጥፋቱ የእኔ ነው?

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን ለጠየቀችኝ እናት ያልኳትን ነው የምደግመው። እርግማንም አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም።

ያቺን ኒውሮሊጂንን ታስታውሳላችሁ? በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠራ ቡድን ኦቲዝም ባለባቸው ወንድማማቾች ላይ በኒውሮሊጂን ጂኖች ውስጥ ለውጥ አገኘ። በ2007 ደግሞ ሻንክ-3 በሚባል ጂን ላይ ተገኘ። ሻንክ-3 ከተቀባዮቹ ሥር ካሉት ካስማዎች አንዱን የሚሠራ ጂን ነው። ሆኖም ሻንክ-3 ብቻውን የሚያብራራው ከመቶ አንድ ገደማ የሚሆኑትን ልጆች ነው። ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ ጂኖች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ «ኦቲዝም የሲናፕስ በሽታ ነው» ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። በሽታ ብለው መጥራት የማይወዱ ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችም አሉ፤ አከብረዋለሁ።

በአገራችን ይህን ነገር ከጓዳ ካወጡት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትጠቀሳለች። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረተችው የራሷን ልጅ ይዛ ነው።

መንጋጋ ቆልፍም የሲናፕስ ነገር ነው?

ነው። የቴታነስ መርዝ የሚሠራው ከረጢት ለመክፈት የሚያስፈልገውን አንድ ፕሮቲን እንደ መቀስ በመቁረጥ ነው። ይህ የታወቀው በ1992 ነው። መርዙ በተለይ ጡንቻን የሚያረጋጉትን ሴሎች ዝም ያሰኛል። የሚያረጋጋ ሲጠፋ ጡንቻ ይገትራል፤ መንጋጋ ይቆለፋል። ክትባት አለው። ሚስማር የወጋችሁ ቀን ሳይሆን ቀድማችሁ ተከተቡ።

የሚጥል በሽታስ?

አንዱ መንገድ የማነቃቂያና የማረጋጊያ ሲናፕሶች ሚዛን መዛባት ነው። ፌኖባርቢታል የጋባን የማረጋጋት ሥራ ያግዛል። ሌቬቲራሴታም ደግሞ ከረጢቷ ላይ ካለ ኤስቪ2ኤ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። መድኃኒት ጀምሮ በራስ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ሰው ሲወድቅ ክብሪት አታሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት፤ ራሱ ሥር ነጠላም ይሁን ጃኬት አድርጉለት፤ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ውሰዱት።

የእኔን ሲናፕስ በምርመራ ማየት ይቻላል?

በናኖሜትር ደረጃ በሕይወት ያለ ሰው ላይ አይቻልም። እነዚያ ካርታዎች የሚሠሩት በላብራቶሪ ባደጉ ሴሎች፣ በእንስሳት እና በተለገሰ የአንጎል ናሙና ላይ ነው። ቅርብ የሚባለው ከ2016 ጀምሮ በሰው ላይ የተሞከረው የፔት ምርመራ ነው። አሁን የጠቀስነውን ኤስቪ2ኤን እያበራ በየትኛው የአንጎል ክፍል ስንት ያህል ሲናፕስ እንዳለ ይገምታል። አሰላለፉን ግን አያሳይም። «ሲናፕስህን እንመርምርልህ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ልጄ ይህን በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ?

አለ፤ እኔም ክፍል ውስጥ የምሠራው ነው። የኤምአይቲው ቡድን ናሙናውን ያሳደገው የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ባለው ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ፕሮቲኖቹ ላይ የለጠፉትን የሚያበራ ቀለም በዚያ ጄል ውስጥ አስረው ንጹሕ ውሃ አጠጡት። ጄሉ በየአቅጣጫው አራት እጥፍ ተኩል ያህል አበጠ። ዋናው ነገር እኩል ማበጡ ነው። ማን ከማን አጠገብ እንደነበር አልተዛባም፤ ርቀቱ ብቻ ሰፋ። ስለዚህ ተራ ማይክሮስኮፕ ሊለየው የቻለው ነገር በዛ።

ያልተጠቀማችሁበትን አንድ ዳይፐር ቅደዱ። ጥጡን ሳህን ላይ አራግፉ፤ ስኳር የመሰለ ነጭ ቅንጣት ይወርዳል። ልጅቷ እንዳትቀምሰው፣ ዓይኗም እንዳይገባ። ቅንጣቱን በሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ዓይናችሁ እያየ ያብጣል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ብርጭቆ ስባሪ የጠራ ጄል ይሆናል። አንዱን ጄል በጣታችሁ አንስታችሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

ከዚያ ብርጭቆው ላይ አንድ ማንኪያ ጨው ነስንሱና አማስሉ። ያበጠው መልሶ ይሟሽሻል፤ ውሃው ተለይቶ ይወጣል። ላብራቶሪ ውስጥም በመጨረሻ ጨው የሌለበት ውሃ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።